ስለ ትናንሽ አውቶሞቢሎች፥ በግጭት ጊዜ ተሳፋሪውን ምን ያህል እንደሚጠብቁ

መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው በአገራችን ከዘመድና ከወዳጅ የሚቀበለው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ገላው የከበደውን፥ ላሜራው የወፈረውን ምረጥ፤ ትንሿ መኪና ግጭት በደረሰባት ጊዜ እንደ ጣሳ ትጨማደዳለች» ይሉታል። የዚህ ምክር ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ከእውነት የራቀ ከመሆኑም በላይ ሰው ሊያስገድል ይችላል። የትኛው ግማሽ ወዴት እንደሚመደብ ለመለየት ነገሩን ከታሪኩ ጋር አያይዞ መመልከት ያሻል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ያሰብነው ይህንኑ ለማድረግ ነው። ዓመቶቹን በአገራችን አቈጣጠር እንጽፋለን፤ የውጭ አገር ነገር በምናነሣበት ጊዜ ግን እ.ኤ.አ. እያልን እንለያለን።

ታሪኩን ከወገዳ መጀመራችን አንባቢን ያስደንቅ ይሆናል። ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ በመምህራኑ እንጂ በመኪናው የሚታወቅ አገር አይደለም። ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት፥ ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቦታ ሆነው፥ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ከሩቅ አገር በእግሩ ሲጓዝባቸው የኖሩ ስፍራዎች ናቸው። ነገር ግን በዘመኑ ከነበረው ሁሉ የከበደ ጭነት በመንኰራኵር ላይ ሆኖ የተጓዘው በዚሁ አገር በኩል ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፥ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው በ1860 ዓ.ም. በመስከረም ወር መጨረሻ ከደብረ ታቦር ሲነሡ መድፉ 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። መቅደላ የደረሱት በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነው። እግረኛ በጥቂት ቀን የሚጨርሰው አገር ስድስት ወር ያህል የፈጀባቸው መንገዱን እየጠረቡ፥ ገደሉን እየሰበሩ በጋይንትና በጨጨሆ፥ በዘቢጥና በዋድላ፥ ከዚያም በጅጣና በበሽሎ ሸለቆ ማለፍ ስለ ነበረባቸው ነው። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር።

በዚህ ጉዞ የሠራዊቱ ድካም ሽቅብ በመሳቡ ብቻ አልነበረም። ሽቅብ ሲሆን በመቶ የሚቈጠር ሰው በጠፍር ይስባል፤ ቍልቍል ሲሆን ደግሞ ያው ሕዝብ ከኋላ ሆኖ ይገታል። 7 ቶን የሆነ ነገር አንድ ጊዜ ቍልቍለት ከጀመረ የሚያቆመው ያጣል። ከፊቱ የቆመው ሰው ጐበዝም ይሁን ፈሪ፥ ጋሻ ይያዝ አይያዝ ለመድፉ ልዩነት የለውም። ስለ ግጭት የሚጻፈው ሳይንስ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። ቀላሉና ከባዱ ሲገናኙ መንገዱን የሚለቀው ቀላሉ ነው።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው ሴባስቶፖል በጋይንት ካለፈ ከ40 ዓመት በኋላ፥ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጂቡቲ ጠረፍ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ አንድ መኪና አቀረበ፤ ብዙም ሳይቆይ የጀርመን ሥራ የሆነው ሁለተኛው ተከተለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ትሬንታ ኳትሮ የተባለው የፊያት ካሚዮን አገሩን አዳረሰ። ወገዳ ግን ብዙ ጊዜ ከዋናው መንገድ ውጭ ሆኖ ቆየ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፥ በነፋስ መውጫ፥ በጨጨሆና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚገባውን 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቻይናውያን የሠሩት በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ውስጥ ነው፤ ሕዝቡም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ይህ መንገድ በብዙ ስፍራ የቴዎድሮስን ፈለግ የተከተለ ነው። ተራራው ስላልተለወጠ መሐንዲሱም ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ትንሽ አውቶሞቢል የምንለው ግን ከዚህ ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ የተለመደ ነገር ሆኖ ነበር። ሁለቱን ብቻ እናንሣ። አንደኛዋ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣችው ፊያት 600 ናት፤ ከተሜው «ሴይቼንቶ» ብሎ የጠራት፥ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት ሦስት ትውልድ ያገለገለች። ክብደቷ 600 ኪሎ የማይሞላ፥ ርዝመቷ ከ3 ሜትር ከ20 ብዙም የማያልፍ ነበር። ሁለተኛዋ «ቮልስ» የምንላት የጀርመኗ ቮልስዋገን ናት። ደመወዝተኛው፥ መምህሩና የጦር መኰንኑ ያለ ጭንቀት የሚይዟት፥ ጭቃና አቧራ የማይበግራት፥ በየመንደሩ መካኒክ የምትጠገን ስለ ነበረች ተወዳጅነቷ በከንቱ አልነበረም። እኛም ውለታዋን አንክድም። ዛሬም በአንዳንድ ግቢ ውስጥ ባለቤቷ እያሻሸ የሚያኖራት ቮልስ ስናይ ፈገግ ሳንል አናልፍም።

ይሁን እንጂ የሁለቱን አሠራር በግጭት ዓይን ስንመለከተው ሌላ ነገር ይታየናል። በሁለቱም ሞተሩ ከኋላ ነው። ከሾፌሩ ፊት ያለው ስፍራ ባዶ ስለ ሆነ የቤንዚኑ ሰርባቶዮ የተቀመጠው በዚያ፥ ከተሳፋሪው እግር ፊት ለፊት ነው። መሪውን ከፊት ጎማ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ደግሞ በጊዜው በነበረው አሠራር የማይታጠፍ ብረት ነበር፤ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ውስጥ ሲገባ ዘንጉ እንደ ጦር ወደ ሾፌሩ ደረት ይመጣል። የሴይቼንቶ በሮች እስከ እ.ኤ.አ. 1964 ድረስ ማጠፊያቸው ከኋላ ሆኖ ወደ ፊት የሚከፈቱ ነበሩ። በሩ በጉዞ ላይ ከተፈታ ነፋሱ ይበረግደዋል። የቮልስዋገን የኋላ አክስል ደግሞ ስል በሆነ መጠምዘዣ ላይ ጎማውን ከሥሯ እያጠፈ ያነሣታል፤ መኪናዋ የምትገለበጠውም አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በአሜሪካ ራልፍ ኔደር የተባለው የሕግ ሰው እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ዝነኛ መጽሐፍ ኮርቬር የተባለችውን መኪና የከሰሰው በዋናነት በዚህ ዓይነት አክስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ እሱ ያቋቋመው ማኅበር ስለ ቮልስዋገን ብቻ የሚናገር ሌላ መጽሐፍ አሳተመ።

በአገራችን ከዚህች መኪና ጋር ስሙ ለዘለዓለም የተያያዘ አንድ ሰው አለ። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን ደገመው። ከቶኪዮ በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ከተሰጠው ሽልማት አንዱ ቮልስዋገን መኪና ነበር። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ ይህችኑ መኪና እየነዳ ሳለ ከእጁ አምልጣ ተገለበጠች። አበበ ሌሊቱን ሁሉ በውስጧ ተይዞ አደረ፤ ከመኪናዋ የወጣው በማግሥቱ ማለዳ ነው። አንገቱና ኅብለ ሰረሰሩ ተጐድቶ ነበርና ዳግመኛ አልቆመም። ስቶክ ማንደቪል በተባለው በእንግሊዝ አገር ሆስፒታል ስምንት ወር ታከመ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በኖርዌይም በውሻ በሚጐተት ተንሸራታች ጋሪ ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

አበበን የጐዳችው ቮልስ ናት ብለን ለመፍረድ አንደፍርም። መኪና የሚገለበጥበት ምክንያት ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛ፥ በዚያ ግልበጣ ውስጥ የመኪናዋ ቀላልነት ዋናው ጥያቄ አይደለም። መኪና ብቻዋን ስትገለበጥ ባላጋራዋ መሬት ነው፤ ለመሬት ደግሞ 800 ኪሎ የሆነችውም 2,000 ኪሎ የሆነችውም ያው ናቸው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሰውን ሕይወት የሚወስነው ጣሪያው መጽናቱ፥ በሩ አለመበርገዱ፥ ከሁሉም በላይ ሰውየው ከወንበሩ ጋር መታሰሩ ነው። ሁለተኛ፥ በዚያን ዘመን በአገራችን በመኪና ውስጥ ቀበቶ የማሰር ልማድ አልነበረም። ለጉና ጥግና ለጨጨሆ መንገደኛ ይህ ነገር ከማንም ይልቅ ይመለከተዋል፤ እዚያ ከመኪና ጋር ከመጋጨት ይልቅ ከገደል ጋር መጋጨት ቅርብ ነውና።

ሰውነታችን ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል የተፈተነው በአውቶሞቢል ሳይሆን በሮኬት ነበር። ጆን ስታፕ የተባለ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1954 በሐዲድ ላይ በሚሄድ የሮኬት ወንበር ራሱን አሳስሮ በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከበረረ በኋላ በ1.4 ሴኮንድ ውስጥ ቆመ። ከክብደቱ 46 እጥፍ የሚሆን ጫና ተሸክሞ በሕይወት ወጣ። ዓይኑ ደም ለብሶ ለጥቂት ጊዜ ማየት ተስኖት ነበር፤ ሆኖም ዳነ። የዳነውም ስለ ጠነከረ ሳይሆን ስለ ታሰረ ነው። ስታፕ ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ አውቶሞቢል መለሰ፤ አየር ኃይሉ ከአውሮፕላን አደጋ ይልቅ በመኪና አደጋ ብዙ ሰው ያጣ እንደ ነበር ተመልክቷልና።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ እንጨምር፤ አንባቢ አይሰልች። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር መሄድ ማለት በሴኮንድ 14 ሜትር ያህል መሄድ ነው። በዚህ ፍጥነት ከማይነቃነቅ ነገር ጋር መላተም ወደ 10 ሜትር ከሚጠጋ ገደል ከመውደቅ ጋር እኩል ነው። በ64 ኪሎ ሜትር ሲሆን ገደሉ 16 ሜትር ይደርሳል። ከገደል የወደቀ ሰው የሚተርፈው በምን ላይ እንደ ወደቀ ታይቶ ነው፤ በድርቆሽ ክምር ላይ የወደቀና በዐለት ላይ የወደቀ እኩል አይጐዱም። ድርቆሹ የሚያደርገው ማቆሚያውን ርቀት ማስረዘም ብቻ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና አፍንጫዋ 60 ሴንቲ ሜትር ተጨማዶ ብትቆም በውስጧ የታሰረው ሰው ከክብደቱ 16 እጥፍ ያህል ይጫነዋል። 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ብትጨማደድ 33 እጥፍ ይሆናል። ያልታሰረው ሰው ግን መኪናዋ ቆማም እሱ በ50 ኪሎ ሜትር ጉዞውን ይቀጥላል፤ የሚያቆመው ክሩስኮቱ ወይም የፊት መስተዋቱ ነው። ያም የሚሰጠው 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ወደ 100 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ «ትጨማደዳለች» የሚለው ነቀፋ ለመኪና ነቀፋ አይደለም። አፍንጫዋ መጨማደድ አለባት፤ መጨማደድ የሌለባት ሰው የተቀመጠባት ክፍል ናት።

ይህን አስቀድሞ ያስተዋለው ቤላ ባሬኒ የተባለ የመርሴዲስ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረበው አሳብ፥ የመኪና ፊትና ኋላ እንዲጨማደድ ሆኖ ለስልሶ፥ የመካከሉ ክፍል ግን እንደ ሣጥን ጠንክሮ ይሠራ የሚል ነበር። ይህ አሳብ በገበያ መኪና ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በዚያው ዓመት በስዊድን የቮልቮ መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ከትከሻና ከወገብ በሦስት ነጥብ የሚይዘውን፥ ዛሬ ሁላችን የምናውቀውን ቀበቶ አወጣ። ኩባንያው መብቱን ለራሱ ሳያስቀር ለሁሉ ለቀቀው። ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1967 የ28,000 አደጋዎችን መዝገብ መርምሮ ባቀረበው ጽሑፍ፥ ቀበቶ ያሰረ ሰው በሰዓት ከ96 ኪሎ ሜትር በታች በሆነ ፍጥነት እንዳልሞተ፥ ያላሰረው ግን በዝቅተኛውም ፍጥነት እንደ ሞተ አሳየ። በአገራችን ነገሩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 ውስጥ ገብቶ ነበር። ይሁንና ቀበቶውን ከወንበሩ ሥር ቀብሮ ትራፊክ ሲታይ ብቻ በትከሻው የሚያሳልፍ ሾፌር ያላየ አንባቢ ካለ እንደ ዕድለኛ እንቈጥረዋለን።

«የድሮ መኪና ላሜራው ጠንካራ ነው» ለሚሉት ወዳጆቻችን መልሱ እ.ኤ.አ. በ2009 በግልጽ ታይቷል። በአሜሪካ የመድን ኩባንያዎች ያቋቋሙት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም የ1959 ሥሪት የሆነችውን ትልቋን ቤል ኤር ከ2009ኗ ማሊቡ ጋር በ64 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግማሽ ለግማሽ በሚሆን አፍንጫቸው አጋጫቸው። ሁለቱም ሼቭሮሌ ናቸው። የትልቋ የቤል ኤር የሾፌር ክፍል ተደረመሰ፤ በውስጧ የነበረው አሻንጉሊት ሰው ቢሆን ኖሮ ሞት ነበር የሚጠብቀው። የማሊቡው ሰው ግን በእግሩ ላይ ጉዳት ከመቀበል በቀር ይድን ነበር። ላሜራ ውፍረቱ ሳይሆን አቀማመጡ ነው ዋጋ ያለው።

እንግዲህ አዲስ ሆና በደንብ የተሠራች ትንሽ መኪና ትልቅን ታህላለች ማለት ነውን? እዚህ ላይ ነው የምክሩ እውነተኛ ግማሽ የሚመጣው። ሁለት እኩል ክብደት ያላቸው መኪኖች እያንዳንዳቸው በ50 ኪሎ ሜትር መጥተው ፊት ለፊት ቢላተሙ፥ ለእያንዳንዳቸው በ50 ኪሎ ሜትር ከግንብ ጋር እንደ መላተም ነው። በ100 ነው የሚለው አባባል በብዙ ሰው አፍ ቢኖርም ስሕተት ነው። ነገር ግን አንደኛዋ 900፥ ሁለተኛዋ 1,800 ኪሎ ብትሆን ሒሳቡ ይለወጣል። ከባዷ ቀላሏን ወደ ኋላ እየገፋች በ17 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ትቀጥላለች። የከባዷ ሰው የፍጥነት ለውጥ 33 ኪሎ ሜትር ሲሆን የቀላሏ ግን 67 ነው። ያው ግጭት ለአንዱ የ4 ሜትር፥ ለሌላው የ17 ሜትር ገደል ሆነ ማለት ነው። ሊዮናርድ ኤቫንስ የተባለው ተመራማሪ የአሜሪካን የሞት መዝገብ መርምሮ እንዳሳየው፥ ክብደቱ እጥፍ ከሆነ መኪና ጋር የተጋጨች የቀላሏ መኪና ሾፌር የመሞት ዕድሉ ከሌላው ከ10 እጥፍ በላይ ነው።

ይኸው ተቋም በዚያው በ2009 ትንሿን ስማርት ከመርሴዲስ፥ ቶዮታ ያሪስን ከካምሪ፥ ሆንዳ ፊትን ከአኮርድ ጋር እያንዳንዳቸውን በ64 ኪሎ ሜትር አጋጫቸው። ትናንሾቹ ሦስቱም ከማይነቃነቅ መከላከያ ጋር ሲፈተኑ ጥሩ ማዕረግ ያገኙ ነበሩ። ከታላላቆቹ ወንድሞቻቸው ጋር ሲጋጩ ግን ሦስቱም «ደካማ» ተባሉ። ያሪስ ማለት እኛ ቪትዝ የምንላት ናት። ለመኪኖች የሚሰጠው የኮከብ ማዕረግ ክብደታቸው ከተቀራረበ መኪኖች መካከል ለማበላለጥ እንጂ ቪትዝን ከላንድክሩዘር ጋር ለማወዳደር እንዳልተሠራ ገዢው ሊያውቅ ይገባል።

ማዕረጉን ንቀን ግን መናገራችን አይደለም። የአውሮፓው ፈተና እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር ሮቨር 100 የተባለችው የእንግሊዝ ትንሽ መኪና አንድ ኮከብ ብቻ አገኘች፤ ገዢ ሸሻት፥ በሚቀጥለው ዓመትም ሥራዋ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2005 ያሪስ በዚያው ፈተና አምስት ኮከብ አገኘች። በስምንት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ለውጥ የመጣው የሰው ነፍስ በድንገት ስለ ተወደደ ሳይሆን፥ ውጤቱ በጋዜጣ ስለ ወጣ ነው ብለን እናምናለን።

ድኻ አገሮች ግን ከዚህ በረከት ቶሎ አልተካፈሉም። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ አምስት የሕንድ ትናንሽ መኪኖች ሲፈተኑ፥ ሱዙኪ አልቶና ታታ ናኖ በውስጣቸው ሆነው፥ አምስቱም ዜሮ ኮከብ አገኙ። ለአፍሪካ ገበያ የሚመጡት እ.ኤ.አ. በ2017 ሲፈተኑም ቼሪ ኪውኪው 3 ዜሮ ወጣላት። የሚያሳዝነው፥ ፋብሪካው ባንድ አገር ሁለትና አራት ኤርባግ የሚያስገባባትን መኪና በሌላ አገር ባዶዋን የሚሸጥ መሆኑ ነው። ስሟ አንድ ነው፥ መልኳ አንድ ነው፤ ውስጧ ግን ሌላ ነው። ይህም የማይታረም ዕጣ እንዳልሆነ የሚያስረዳው፥ አዲሷ የሱዙኪ ዲዛየር እ.ኤ.አ. በ2024 በዚሁ ዓይነት ፈተና አምስት ኮከብ ማግኘቷ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ በብዛት የሚታዩት ግን ከእርሷ በፊት የተሠሩት ናቸውና አንዱን በሌላው ስም መመስከር አይገባም።

የኢትዮጵያ መኪና ደግሞ ከፋብሪካ በወጣችበት ሁኔታ አትኖርም። ለቀኝ መሪ አገር ተሠርታ በኋላ መሪዋ ወደ ግራ የተዛወረ ስትሆን፥ ክሩስኮቷ ሲፈታ ኤርባጉ ተመልሶ በቦታው መግባቱን ያረጋገጠ ማን ነው? አንድ ጊዜ ተጋጭታ ኤርባጓ የፈነዳ መኪና ብዙ ጊዜ የምትመለሰው ክዳኑ ብቻ ተለጥፎ፥ የማስጠንቀቂያው መብራት ተነቅሎ ነው። በየጋራዡ የተጨማደደው አፍንጫ ተስቦ፥ ተበይዶ፥ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ሲቀባ ለዓይን ያማረ ይሆናል። የባሬኒ አሳብ ግን በዚያ ስቱኮ ሥር ተቀብሮ ቀርቷል። አንድ ጊዜ የታጠፈ ብረት ሁለተኛ ጊዜ እንደ ፊተኛው አይታጠፍም። መንግሥት በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያረጁ መኪኖችን በከባድ ቀረጥ ማስወደዱ ለዚህ ነገር በከፊል መድኃኒት ነበር፤ ዋጋው ግን ባለ ቮልስን የሚያህል ደመወዝተኛ ከገበያው አስወጣው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በባትሪያቸው ምክንያት በመጠን ትናንሽ ሆነው በሚዛን ከባድ ናቸው። በአንድ መንገድ ላይ የሚገናኙት አሮጌ ቪትዝና አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በቁመት ቢተካከሉም በሚዛን አይተካከሉም፤ ይህ ልዩነት ለቪትዙ ሰው የሚበጅ አይደለም።

እስካሁን የተናገርነው በመኪና ውስጥ ስለ ተቀመጠው ሰው ብቻ መሆኑን አንባቢ ያስተውል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2016 በሰጠው ግምት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው 26.7 በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከሟቾቹም ብዙው እግረኛ ነው። በገበያ ቀን ከነፋስ መውጫ ወደ ገጠር የሚመለሰው ሕዝብ አህያውን እየነዳ አስፋልቱን ሲሞላው ያየ ሰው የማን ደኅንነት ይቅደም ብሎ ቢጠይቀን በጥያቄው እንስማማለን። ሆኖም ያ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ የሚሻ ነው።

ወደ ወገዳ እንመለስ። ዛሬ በነፋስ መውጫ፥ በአርብ ገበያ፥ በመካነ ኢየሱስና በስማዳዋ ወገዳ ከተማ ትንሽ አውቶሞቢል ማለት ቪትዝም ዲዛየርም አይደለም፤ ባጃጅ ነው። ወላድ ጤና ጣቢያ የምትደርሰው፥ ተማሪው ትምህርት ቤቱ የሚሄደው፥ ቅቤና ጤፍ ገበያ የሚወጣው በርሱ ነው። ባዶውን 400 ኪሎ የማይሞላ፥ በሩ ሸራ፥ አፍንጫው አንድ ጎማ የሆነ ነገር ነው። ለከተማ ውስጥ፥ በዝግታ ለሚሄድበት መንገድ የተሠራ ሲሆን፥ ከከተማው ወጥቶ ከአይሱዙ ጋር በአንድ አስፋልት ሲጓዝ እናገኘዋለን። የእኛ ሰው ይህን የጭነት መኪና ባንድ ወቅት «አልቃይዳ» ብሎ መሰየሙ ያለ ምክንያት አልነበረም። አይሱዙው እህል ጭኖ 8,000 ኪሎ፥ ባጃጁ አራት ሰው ይዞ 600 ኪሎ ነው እንበል። አይሱዙው በ40፥ ባጃጁ በ30 ኪሎ ሜትር ሳሉ በአንድ ኩርባ ላይ ቢገናኙ የአይሱዙው ፍጥነት የሚቀንሰው በ5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የባጃጁ ግን በ65 ይለወጣል። ሾፌሩ ፊት የሚጨማደድ ብረት የለም፤ የሚይዘውም ቀበቶ የለም። የፋብሪካው አራት ጎማ ያላት ታናሽ ሥራ፥ ኪውት የተባለችው፥ እ.ኤ.አ. በ2016 በአውሮፓ በ50 ኪሎ ሜትር ስትፈተን ያገኘችው አንድ ኮከብ ነው። እርሷ በርና ጣሪያ ያላት ናት።

ባጃጅ ይከልከል ማለታችን አይደለም፤ ባጃጅ ከሌለ ወላዲቱ በቃሬዛ ልትሄድ ነው። የምንለው ባጃጁና አይሱዙው አንድ መንገድ አይካፈሉ ነው። ከመካነ ኢየሱስም ሆነ ከነፋስ መውጫ በሚወጣው አስፋልት ዳር ለባጃጅ፥ ለእግረኛና ለአህያ የሚሆን ሁለት ሜትር ጥርጊያ ቢጨመር ለመሐንዲሱ ትልቅ ሥራ አይሆንም። ቴዎድሮስ ለአንድ መድፍ ሲሉ በዚሁ ተራራ ላይ ከዚያ የሰፋ መንገድ በእጅ አስጠርበዋል።